የማይተነፍስ ጥለት

ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሊፍት ውስጥ ስድስት ሰዎች ነበርን። እንደ ወጉ ከእግር ወደ ላይ ተያየን። «አየሁሽ» አለችኝ የሃያ ሁለተኛ ፎቋ ማራማዊት። «አየሁሽ» አልኳት። ሌሎቹም «አየሁሽ»፣ «አየሁህ» ተባባሉና ሰላምታው አለቀ። የስድስታችንም ጥለት ልብሳችን ጫፍ ላይ፣ ከቁርጭምጭሚት ከፍ ብሎ ነበር። ስድስታችንም ደህና ነን ማለት ነው።

አስራ አንደኛ ፎቅ ስንደርስ ዓይኔ የማራማዊት ጥለት ላይ ቀረ። ጥለቷ አይተነፍስም ነበር።

ለሌላ ሰው ይህ ምንም ነው። እኔ ግን ጥለትን የሳልኩ ሰው ነኝ። በ2052 ዓ.ም. ገና የሃያ ስምንት ዓመት ግራፊክ ዲዛይነር ሳለሁ፣ ሰው ስለ አእምሮ ጤናው አፉን ሞልቶ እንዲያወራ የሚያደርግ ምልክት ሳሉ ተብሎ ውድድር ወጣ። አንዱ አንጎል ሳለ፣ አንዱ የተያያዙ እጆች፣ አንዱ ፀሐይ። እኔ የለቅሶ ቤት ትዝ አለኝ። ሐዘን የደረሰበት ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ጥለቱን ወደ አንገቱ አምጥቶ ሲለብስ አንድ ቃል ሳይወጣው አገር ያውቅለታል፤ መንገድ ላይ ያገኘው ሁሉ ቆም ብሎ «ምነው? ማን ነው?» ይለዋል። ይህንኑ ወሰድኩ። ልብስ ጫፍ ላይ የምትውል ባለ ቀለም መስመር፤ ሰውየው ሲከፋው ወደ ወገቡ፣ ሲብስበት ወደ ደረቱ፣ ብቻውን መሸከም ሲያቅተው አንገቱ ድረስ የምትወጣ። ያያት ሰው «ምነው?» ብሎ እንዲጠይቅ ነበር፤ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። አንደኛ ወጣሁ፤ በዓመቱ መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኞቻቸው አደሉት፤ በአምስተኛው ዓመት ከአስራ ሁለት ዓመት በላይ የሆነ ሁሉ የመልበስ ግዴታ መጣ።

«ምነው?» ማለት መቼ እንደቀረ በትክክል አላውቅም። መጀመሪያ መሥሪያ ቤቶች ከለከሉ፤ ጥለቱ እየታየ በአፍ መጠየቅ ሰው ማስጨነቅ ነው ተባለ። ቀጥሎ ትምህርት ቤቶች። ከዚያ ሰዉ ራሱ ነውር አደረገው። ዛሬ «ደህና ነህ ወይ?» ብሎ በአፉ የሚጠይቅ፣ ሰው ገላውን እየታጠበ ሳያንኳኳ እንደገባ ነው የሚቆጠረው። ጥለቱ አንገቱ የደረሰ ሰው ዘንድ ተረኛ አጽናኝ ይላካል። አጽናኙ ካርዱን አውጥቶ ሰባት ጥያቄ ያነብባል፣ ግማሽ ሰዓት ይቀመጣል፣ አስፈርሞ ይሄዳል። በዓመት ሦስት ጊዜ አንገቱ የደረሰ ሾፌር መሪ አይዝም፣ ሐኪም አያክምም፣ አስተማሪ ክፍል አይገባም። ይህን ሁሉ እኔ አልሳልኩም። የካርዱን የፊደል ቅርጽ ግን የመረጥኩት እኔ ነኝ።

እስትንፋሱም የእኔ ነው። መስመሯ ዝም ብላ ስትገተር የሬሳ ሳጥን ሪባን መሰለችብኝና፣ ሰውየው በተነፈሰ ቁጥር በፀጉር ስፋት ሰፋ ጠበብ እንድትል አደረግኳት። ማንም ልብ አይለውም። ዓይኔን ሞራ እስኪጋርደው ድረስ እኔ ሰው ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የማየው እሱን ነበር፤ የሙያ በሽታ ነው። ላለፉት ስድስት ዓመታት ግን ሰውን ሁሉ በጭጋግ ውስጥ ነበር የማየው። ሞራው የተገፈፈልኝ ባለፈው ሳምንት ነው፤ ፋሻው የተፈታልኝ ሰኞ ከሰዓት። ያን ጠዋት በአዲስ ዓይኔ ከቤት ስወጣ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ደስ ብሎኝ ነበር እኮ የወጣሁት።

የማራማዊት ጥለት እንደ ግድግዳ ቀለም ድርቅ ብሏል። አጠገቧ የቆመውን ሰውዬ አየሁ፤ ድርቅ። ሌሎቹ ሦስቱም ድርቅ። ሊፍቱ ውስጥ የምትተነፍሰው የእኔዋ ብቻ ነበረች።

ጥለት የሚደርቅበት ምክንያት ደግሞ አንድ ብቻ ነው። እሱንም የጨመርኩት እኔው ነኝ።

ያኔ ንድፉን ለሰው ላሳይ ብዬ አንድ እድር ድንኳን ውስጥ ወረቀቶቼን ገመድ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ሰቀልኳቸው። ሽማግሌዎቹ እየዞሩ ሲያዩ አንድ አዛውንት ከዘራቸውን አንገት ወደደረሰችው መስመር ቀስረው «መርዶስ ልጄ?» አሉኝ።

«መርዶ ምን ሆነ አባባ?»

«ልጇ ሞቶባት ያልሰማች እናት አለች እንበል። እኛ ሰምተናል። ዘመድ እስኪሰበሰብ፣ እህል እስክትቀምስ ደብቀናታል። ታዲያ በማግሥቱ ስትወጣ የጎረቤቱ ሁሉ ጥለት አንገቱ ላይ ወጥቶ ብታይ፣ ደጃፏ ላይ ክው ብላ ትቅር?»

ድንኳኑ ሙሉ «እውነት ነው! እውነት ነው!» አለ። እዚያው ቁጭ ብዬ በሃያ ደቂቃ የመርዶ ፈቃድን ጨመርኩ። የሟች ስም፣ መርዶው የሚነገረው ሰው ስም፣ መርዶውን የሰማው ሰው ስም፤ የእድሩ ሰብሳቢ ማኅተም ሲመታበት የሰማው ሰው ጥለት ጫፉ ላይ ደርቆ ይቆማል፣ መርዶው ሲነገር ይለቀቃል። የቀን ገደብ አላስገባሁበትም። መርዶ ስንት ቀን ይደበቃል? ቢበዛ ሦስት ቀን። በውሸት መርዶ የሚያስመዘግብ ሰው ይመጣል ብሎስ ማን ያስባል? ሟርት ነዋ!

እንግዲህ አምስት ሰው መርዶ ይዞ ሊፍት ውስጥ አብሮኝ ቆሟል። በሩ ሲከፈት ማንም ቀድሞኝ አልወጣም። «እለፊ እትዬ ኖላ» አሉኝ። ሌላ ቀን ቢሆን ለዕድሜዬ ብለው ነው እል ነበር።

በሩ ላይ ያለውን ጥበቃ አየሁ። ደርቋል። ዳቦ ቤት የተሰለፉትን አንድ በአንድ አየሁ፤ አስራ አራት ሰው፣ አስራ አራቱም ደርቀዋል። ዳቦ የምትሰጠው ሴትዮ «አየሁሽ እትዬ ኖላ» ብላ ፈገግ አለችልኝ፤ ጥለቷ እንደ ሬሳ ዝም ብሏል። ያን ጊዜ ገባኝ። ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ያልሰማሁ እኔ ብቻ ነኝ። መርዶ የሚነገረው ደግሞ ላልሰማ ነው።

በዚህ ዓለም ላይ ያለኝ አንድ ልጅ ነው፤ ናሁሰናይ ይባላል። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ከሕንፃችን አስፋልት ተሻግሮ ባለው ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ያስተምራል፤ ሁለት ፎቅ ከእኔ ዝቅ ብሎ ብቻውን ይኖራል። እሑድ ምሳ እኔ ዘንድ ነው የሚበላው። ያለፈው እሑድም «አየሁሽ እማዬ» ብሎ ገባ፤ «አየሁህ» አልኩት፤ በፋሻው ሥር በጭላንጭል ሳየው ጥለቱ ጫፉ ላይ ነበር። ምሳውን ግማሹን ትቶ ጠገብኩ አለ። ሰሃኑን አጥቦልኝ ሄደ። ምነው አልበላ አለ ብዬ አስቤ ነበር። አልጠየቅኩትም።

ስልኩን መታሁ፤ ዝግ ነው። ክፍል ሲገባ ይዘጋዋል፤ ግን ገና ሁለት ሰዓት አልሞላም። ደግሜ መታሁ። ዝግ ነው። ጥለቴ በልብሴ ላይ ሄዶ ወገቤ ላይ ሲወጣ ተሰማኝ። ወደ ምድር ቤት፣ ወደ እድሩ ቢሮ ሮጥኩ።

የእድራችን ሰብሳቢ ጋሽ ኢዮስያስ የድንኳን ብረቶች በግድግዳው ዙሪያ በተደረደሩበት ክፍል ውስጥ ጠረጴዛቸው ላይ ነበሩ። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። መጀመሪያ ያየሁት የካፖርታቸውን ጫፍ ነው። ደርቋል።

«ይንገሩኝ» አልኳቸው።

«አየሁሽ ኖላዬ። ምኑን ልንገርሽ?»

«መርዶዬን ነዋ! ዘመድ አልጠብቅም፣ ሽማግሌም አልፈልግም። እዚሁ እንደቆምኩ ይንገሩኝ። ልጄ ነው?»

ፊታቸው አመድ መሰለ። «በስመ አብ! የምን መርዶ? ምን ነካሽ አንቺ?»

«የእርስዎ ጥለት ደርቋል! የማራማዊት ደርቋል! የጥበቃው፣ የዳቦ ቤቷ፣ የሁሉም ደርቋል! ሌላውን ያታልሉ፤ እኔን አይችሉም። የሳልኩት እኔ ነኝ!»

ጋሽ ኢዮስያስ ጎንበስ ብለው የራሳቸውን ጥለት አዩት። «ይታያል እንዴ?» አሉኝ፤ ድምፃቸው እንደተያዘ ሌባ ነበር።

«ይታያል።»

«ማንም አልሞተም ኖላዬ። ተቀመጪ። ማንም አልሞተም።» መዝገቡን ከመሳቢያው አወጡት። እኔን የማያዩ መስለው ገጹን እየዳሰሱ ነበር የሚናገሩት። «መጀመሪያ የመጣው አንድ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ሁለቴ አንገቱ ደርሶበታል፤ ሦስተኛው ከመሪው ሊያስወርደው ነው። አራት ልጅ አለው። ምን ልበለው? ድሮ የሞቱ አያቱን አስመዘገብንለትና ጥለቱ ቆመ። በሳምንቱ ሚስቱ መጣች። ከዚያ ጎረቤቷ። ከዚያ ማን ቀረ? እዚህ ሕንፃ ውስጥ ጥለት ከምንለብሰው አራት መቶ ሠላሳ ሰው አራት መቶ አስራ ሁለታችን መርዶ ላይ ነን። ሌሎቹ ሕንፃዎችም ይኸው ነው፤ ከሰብሳቢዎቹ ጋር እንነጋገራለን።»

«እርስዎስ?»

«እኔማ ባለቤቴ ካረፈች ጀምሮ። አምስት ዓመት ሆነኝ። አጽናኝ ሰልችቶኝ ነው፤ ሰባቱን ጥያቄ በቃሌ ይዤዋለሁ።»

«ናሁስ? ናሁ ደህና ነው?»

«ኧረ ምን ሆኖ! አሁን ጠዋት በዚህ በር አልፏል። አይቼዋለሁ፤ ጥለቱ ጫፉ ላይ ነው። ንጹሕ!»

ትከሻቸውን ስሜ አለቀስኩ። ሳቅኩም። አንድ ሕንፃ ሙሉ ሰው ሐዘኑን ደብቆ በየሊፍቱ «አየሁሽ» እያለኝ ኖሯል፤ እኔ ደግሞ ያን ሰዓት ስለዚያ ግድ አልሰጠኝም። ልጄ አልሞተም። ሌላው ይቆይ ብዬ መዝገቡን ወደ ራሴ ሳብኩት፤ እንዲያው የማወቅ ጉጉት ነው። ሰዉ ሟርት ስለሚፈራ ሁሉም የሞተውን ነው እንደገና የገደለው፤ ቅድመ አያት፣ የአያት ወንድም፣ የመቶ ዓመት ሟቾች። የማራማዊትን ሳገኝ ሳቄ መጣ፤ አራት ጊዜ የቀበረቻቸው አንድ የጎጃም አጎት ነበሯት።

ከዚያ የጥቅምት ዘጠኝን ገጽ ገለጥኩ። የልጄን እጅ ጽሕፈት አውቀዋለሁ።

ሟች፦ ናሁሰናይ በእምነት። መርዶው የሚነገረው፦ ለእናቱ ለኖላዊት። መርዶውን የሰማው፦ ናሁሰናይ በእምነት።

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ዓይኔ ነው፣ ገና አልጠራልኝም ይሆናል ብዬ መዝገቡን ወደ መስኮቱ ወሰድኩት። በብርሃኑም ያው ነው።

«ጋሽ ኢዮስያስ፣ ይህን ማን ማኅተም መታበት?»

መነጽራቸውን አደረጉ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። «እኔ... ያን ዕለት ብዙ ሰው ነበር። አላነበብኩትም ኖላዬ። ሦስቱ ቦታ ከተሞላ እመታለሁ።»

«በሕይወት ያለ ሰው ነው!»

«ፎርሙ አይጠይቅማ!»

አይጠይቅም። ፎርሙን የሳልኩት እኔ ነኝ። ሦስት ክፍት ቦታ፣ ንጹሕ፣ ቀላል፣ ፊደል የቆጠረ ሁሉ የሚሞላው፤ ዳኞቹ ተነስተው ነበር ያጨበጨቡልኝ። ከጥቅምት ዘጠኝ እስከ ዛሬ ሃያ ስድስት እሑድ ነው። ሃያ ስድስት እሑድ ልጄ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ምሳ በልቷል፤ ሃያ ስድስት ጊዜ «አየሁህ» ብዬዋለሁ።

«ግን እኮ ደህና ነው» አሉ ጋሽ ኢዮስያስ ከኋላዬ፤ «አሁን ጠዋት ጥለቱን...» ብለው መሐል ላይ አቆሙ። እኔ ወጥቼ ነበር።

አስፋልቱን ስሻገር ጥለቴ ደረቴን አልፏል። ማቋረጫው ላይ ሰው ገለል ብሎ መንገድ ለቀቀልኝ። ሁሉም ከእግሬ ጀምሮ አየኝ፤ ሁሉም መስመሯ እስክትቆም ጠበቀ፤ ሁሉም በትሕትና አንገቱን ደፋ። የስድሳ ሦስት ዓመት ሴት ጫማዋ አንዱ ወልቆ መሐል መንገድ ላይ ስትሮጥ አንድ ሰው፣ አንድ ሰው እንኳ «ምነው?» አላለኝም። የሳልኩት ነገር በትክክል እየሠራ ነበር።

ተማሪዎቹ ገብተው የትምህርት ቤቱ ግቢ በር ጸጥ ብሏል። ናሁ ከአጥሩ ውጭ ባለችው የድንጋይ መቀመጫ ላይ ቦርሳውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ክፍል የሚገባበት ሰዓት አልፏል። ሲያየኝ ብድግ አለ።

«አየሁሽ እማዬ። ደረትሽ ላይ...» ብሎ አቆመ፤ ጥያቄ ሊሆንበት ነው።

ጥለቱን አየሁት። ልብሱ ጫፍ ላይ ነው። ቀጥ ያለ፣ ንጹሕ፣ የደረቀ። ከላይ ደረቱ በፍጥነት ይነሳል፣ ይወርዳል፤ ከታች መስመሯ ንቅንቅ አትልም።

«ደህና ነህ?» አልኩት።

በአፌ አልኩት። ለስንት ዓመት ያልተናገርኩት ቃል ነው፤ ጮክ ብሎ ወጣብኝ። የግቢው ጥበቃ ከመስኮቱ ብቅ ብሎ አየንና አፍሮ ተመለሰ።

«እማዬ! ሰው ይሰማል።»

«ይስማ! ደህና ነህ ወይ ልጄ?»

«እያየሽው አይደል እንዴ?» አለና ወደ ልብሱ ጫፍ አመለከተኝ።

«አላይም። መዝገቡን አይቻለሁ።»

ቀስ ብሎ ተቀመጠ። እኔም ፊቱ ቆሜ ቀረሁ። «ሰው ላይ ላለማሟረት ነው» አለኝ በኋላ፤ «ሌላ ስም ልጽፍ ስል እጄ እምቢ አለኝ። አያቴን ልጻፍ ብዬም ነበር፤ አሳዘነችኝ። የራሴን ስጽፍ ግን...»

«ስትጽፍ ምን?»

«ምንም አልከበደኝም።»

ከዚህ በኋላ ምን እንደሚባል ጠፋኝ። እውነቴን ነው። ሰው እንዲጠይቅ ብዬ ዕድሜዬን ሙሉ ሥዕል ሳልኩ፤ ከጠየቀ በኋላ ምን እንደሚል አንድም ቀን አስቤው አላውቅም። አፌን ከፍቼ ቆሜ ሳለሁ ጥለቴ አንገቴን ጠምጥሞ ያዘኝ።

ወዲያው የግቢው በር ተከፈተና የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ እየሮጠች መጣች። የዕለቱ ተረኛ አጽናኝ እሷ ነበረች። ናሁን «አየሁህ መምህር» ብላ አለፈችው። እጄን ይዛ ከልጄ ጎን አስቀመጠችኝ፤ እሷም በዚያኛው ጎኔ ተቀመጠች፤ ካርዱን አወጣች።

«አይዞሽ እናቴ» አለች። «አንደኛ ጥያቄ። በአሁኑ ጊዜ የልብሽን የምታጫውችው ሰው አለሽ?»

«እኔን ተይኝ። እሱን ጠይቂው» አልኳት።

አጎንብሳ የልጄን ልብስ ጫፍ አየች። «እሱማ ደህና ነው እኮ» አለችኝ፤ ክፉ ሴት አይደለችም፣ በርኅራኄ ነው ያለችው። ከዚያ ካርዱን ወደ ዓይኗ አቅርባ ደገመችልኝ። «የልብሽን የምታጫውችው ሰው አለሽ?»

«የለኝም» አለ ናሁ።

ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችው። ጥለቱን አየች፤ ፊቱን አየች፤ ፊቱ በእንባ ርሷል። መልሳ ጥለቱን አየች። ከዚያ እንዲህ ሲሆን ምን እንደሚደረግ ልትፈልግ ካርዱን ገለበጠችው። ጀርባው ባዶ ነው፤ ለዓይን እንዲያርፍ ብዬ ባዶ ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ቦርሳውን ከጉልበቱ ላይ አንስቼ መሬት አስቀመጥኩት። እጁ በረዶ ነበር።

«እሺ ልጄ» አልኩት። «ከጥቅምት ጀምርልኝ።»